ያልላላው ብሎን

ሰዓት ሠሪው በሃምሳ ስድስት ዓመቱ የአሻንጉሊት ሄሊኮፕተር ገዝቶ ቤት ሲገባ፣ ሚስቱ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ካርቶኑን አየችው።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ለማን ልትሰጠው?»

«የኔ ነው አልኩሽ እኮ!»

«ጉድ ነው» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እሱም ምክንያቱን አልነገራትም። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

ነገሩ ከተጀመረ አራት ወር ሆኖታል። የአንዲት ደንበኛ የእጅ ሰዓት ከፍቶ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ብሎን በወረንጦ አንስቶ ቀዳዳዋ ላይ ሊያሳርፋት ሲል አውራ ጣቱ ዘለለበት። ብሎኗ የት እንደገባች አልታወቀም። ያ ኩሩ ሰው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ግማሽ ቀን ሲፈልጋት ዋለ። የሄደበት ሐኪምም ቁርጡን አልነገረውም፤ ድካም ሊሆን ይችላል፣ የነርቭ ሕመምም ሊሆን ይችላል፣ እየቆየ ይለያል አለው። የነርቭ ሕመም ከሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠባትን ወንበር መልቀቁ ነው። ከዚያች ወንበር ውጭ ደግሞ ራሱን አያውቅም። ሠርግ ተጠርቶ እንኳ ሙሽሮቹን ትቶ የግድግዳው ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደዘገየ የሚያይ ሰው ነው።

ሄሊኮፕተሩን የሸጠለትን ሰው ሰፈሩ «ካፒቴኑ» ይለዋል። በሪሞት የሚበሩ አሻንጉሊቶች ይሸጣል እንጂ አውሮፕላን ተሳፍሮም አያውቅ። አንድ ቀን ሰዓቱን ሊያሠራ መጥቶ ወሬውን ሲጠርቅ፣ «አውሮፕላን ይቅር ይልሃል፤ ሄሊኮፕተር ግን ምሕረት የላትም። አየር ላይ ቀጥ አድርገህ ልታቆማት ከፈለግህ ጣትህ ከልክ በላይ ንቅንቅ ማለት የለበትም» አለ። ሰዓት ሠሪው ይህችን ቃል ያዘ። አንድ ደቂቃ ሙሉ በወገቤ ቁመት ላይ ካቆምኳት እጄ ድካም ብቻ ነው ያለበት፤ ካቃተኝ ወንበሩን አብሮኝ ለሚሠራው ባልደረባዬ እለቃለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

ካፒቴኑ ገና ካርቶኑ ሲከፈት አንዲት ብልቃጥ ሰማያዊ ሙጫ ሰጠው። «ብረት ከብረት የሚገናኝበትን ብሎን ሁሉ በዚህ ቀባው። አለዚያ ንዝረቱ ያላላዋል።»

ሰዓት ሠሪው ከት ብሎ ሳቀ። «ሙጫ? ወንድሜ፣ ብሎን በሙጫ የሚያጣብቅ ሰዓት ሠሪ እጁ ይቆረጥ! እኔ ያሠርኩት ብሎን ሃያ ዓመት ቢቆይ ንቅንቅ አይልም።» በሱ ሙያ ሙጫ የሚጠቀም የነገውን ጠጋኝ የማያስብ ደንቆሮ ነው። ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

ከከተማው ዳር በተተወ የኳስ ሜዳ ላይ ልምምዱ ተጀመረ። «ጭራዋን ወደ አንተ አድርግ። አፍንጫዋ ወደ አንተ ከዞረ ቀኝህ ግራ ይሆንብህና ያኔ አለቀላት» ይለዋል ካፒቴኑ። እንዳትገለበጥ ከሥሯ ጫፋቸው ላይ ትናንሽ ኳስ የተሰካባቸው አራት ረጃጅም እግሮች ታስረውላታል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ እያለች እንደ ታሰረች ዶሮ ስትንደፋደፍ ከረመች። በስድስተኛው ሳምንት ወገቡ ድረስ ወጣች። ሃያ ሰከንድ ቆመች። ከዚያ ተንዘፈዘፈችና በጎኗ ወድቃ ክንፏ ተሰበረ።

ሰዓት ሠሪው ሐሞቱ ፈሰሰ። ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ወንበሯ ሄደች ማለት ነው። ካፒቴኑ ግን ስብርባሪውን ሲያገላብጥ ቆየና ጮኸ። «ምን ብዬህ ነበር? ይኸው፣ የክንፉ ብሎን ላልቶ ሊወጣ ደርሷል! ሙጫ ቀባ አላልኩህም?»

ሰዓት ሠሪው ዘሎ ተነሥቶ ካፒቴኑን አቅፎ ሳመው። «ብሎኑ ነው! እኔ አይደለሁም፣ ብሎኑ ነው!» ካፒቴኑ ሰውየው ያበደ መሰለው። ማታ ለሚስቱም ሲነግራት አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ ነበር፤ «ብሎኑ ነው» ሲል ሦስት ጊዜ ደጋገመላት። እሷም አንገቷን ሳታቀና «እሰይ» አለች።

በማግስቱ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ አሥራ ሰባቱንም ብሎን ሙጫ ቀባ። ጠረጴዛው በሰማያዊ ነጠብጣብ ተዥጎረጎረ። ነጠብጣቡን አላየሁም ብሎ አለፈው።

እሑድ ጠዋት ነፋስ አልነበረም። ክንፉ አዲስ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው። ሚስቱም «እስቲ እኔም ልይ» ብላ ተከትላው መጥታ ከኋላው ቆመች። ሄሊኮፕተሯ ወገቡ ድረስ ወጣች። አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጠረ። አሥራ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ዘለለች፣ ወደ ግራ ተመለሰች፣ ደግማ ዘለለች።

«አውርዳት!» አለ ካፒቴኑ።

አወረዳት። አልተሰበረችም። ተንበርክኮ ካቻቢቴውን አወጣና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከረ። አሥራ ሰባቱም ጥብቅ ናቸው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ብሎን እንዳይላላበት ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት አንዲት የላላች ብሎን እንዲያገኝ ፈጣሪውን ለመነ። ካፒቴኑ የሚያየው እንዳጣ ሁሉ ፊቱን ወደ አሮጌው የግብ ብረት አዞረ።

«ብሎኑ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ብሎኑ ነው።»

ሪሞቱን ከእጁ ተቀበለችና ወደ ቤት ይዛው ሄደች።

ቤት ገብቶ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የቀኑን መርፌዎች ጠዋት ጠዋት ክር የሚያስገባላት እሱ ነበር። አሁን ሲያያቸው ስድስቱም ክር ገብቶላቸው መርፌ መሰኪያው ላይ ተደርድረዋል። እሷ ክር አስገባልኝ ብላ ከጠየቀችው ስንት ጊዜ እንደሆነ አሰበ፤ ትዝ አላለውም።

«ክሩን ማን ነው የሚያስገባልሽ?»

«ጎረቤታችን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጨርቋን አስተካከለች። «ሱሪህ ጉልበቱ ላይ አቧራ ሆኖ ከሥራ ከመጣህበት ቀን ጀምሮ» አለችው።