የዘጠኝ ወሩ አብራሪ

ሥራ በጀመርሁበት ቀን ዋና አብራሪያችን ካፒቴን በየነ የምስክር ወረቀቴን ገልብጠው አዩና «ስንት ወር ተማርህ?» አሉኝ።

«ዘጠኝ ወር ጌታዬ።»

«የኔም ልጅ በዘጠኝ ወር ነው የተወለደው። ቆሞ ለመሄድ ግን ሌላ ዓመት ፈጀበት» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ ስሜ «የዘጠኝ ወሩ» ሆኖ ቀረ። ሻይ ቤት ስገባ አስተናጋጇ እንኳ እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከነባሮቹ አብራሪዎች ገሚሱ ወደ ጦር ግንባር ሄዷል፤ ገሚሱም ከአገር ወጥቷል። አውሮፕላኖቹ ሰው አጥተው ሲቆሙ የሁለት ዓመቱ ትምህርት በዘጠኝ ወር እንዲያልቅ ተወሰነ። መስከረም ገብተን ግንቦት ተመረቅን። ክረምቱን ምደባ እየጠበቅን በፖለቲካ ትምህርት አሳለፍነው፤ በጥቅምት ባሕር ዳር ተመደብሁ።

ያን ኮርስ ሲያሙብኝ ዛሬም ደስ አይለኝም። በየቀኑ ስለምንበር እጃችን ከመሪው አይለይም ነበር። በሁለት ዓመቱ የተማሩት አንድ ቀን በርረው ለሚቀጥለው ሳምንት ይጠብቁ ነበር። እኛ ከአጭር ሜዳ መነሣትን፣ ሞተር አጥፍቶ መውረድን፣ ከእንቅልፋችን ቢቀሰቅሱን እንኳ እንሠራው ነበር። የጎደለን «ለምን?» ብሎ መጠየቂያ ጊዜ ነው። መምህሩ የጻፈውን ሸመደድን፤ መጽሐፉ ያላለው ነገር ያለ አይመስለንም ነበር።

የተሰጠኝ አውሮፕላን ባለ አንድ ሞተር፣ ስድስት ሰው የሚይዝ ነው። መድኃኒትና ፖስታ ወደ ሞጣና ወደ ቢቸና አደርሳለሁ፤ ስመለስ ሕመምተኛ እጭናለሁ። ቢቸና የገበሬ ልጅ ሆኜ ያደግሁበት አገር ስለሆነ መስመሩን ስቀበል ደስታዬን አልቻልሁትም። ካፒቴን በየነ እስከ ጥር ጎኔ ተቀምጠው ፈተሹኝና ብቻዬን እንድበር ፈረሙልኝ።

የሞጣው ሜዳ ጠባቂ አባ ሰይድ ይባላሉ። በወጣትነታቸው በቅሎ እየነዱ ሩቅ አገር የነገዱ፣ መሬት የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ዝናብ ከጀመረ አውሮፕላን ከመድረሱ በፊት በቅሏቸውን ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ይነዷታል። ኮቴዋ የሰመጠበት ቦታ ላይ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ያስቀምጣሉ።

«በቅሎዬ የጠላችውን መሬት አትርገጠው» ይሉኝ ነበር።

ባሕር ዳር ስመለስ ይኸን ለባልደረቦቼ እያወራሁ አስቃቸዋለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ስነሣ በሬዲዮ «በቅሎዋ ፈቀደች ወይ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ጠዋት፣ ሞጣ መድኃኒት እያራገፍሁ ሳለ የቢቸናው ጤና ረዳት በሬዲዮ ጠራኝ። እናትነሽ የምትባል ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። «ልጁ ተጋድሟል። ልቡ ይመታል፤ እኔ ግን ላዋልዳት አልችልም። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል። ቶሎ ሐኪም ቤት ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን» አለኝ።

አባ ሰይድ አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል። «ሂድ ልጄ። ግን አስቀድመህ በዚሁ ሬዲዮ ንገራቸው፤ ሜዳውን በበቅሎ ያስረግጡት። ባይሆን በአህያ። አንተ እስክትደርስ ያዳርሱታል።»

መነጋገሪያው እጄ ላይ ነበር። ነገር ግን ባሕር ዳር ያሉት ባልደረቦቼ ሁሉ በዚያው መስመር ይሰማሉ። «የዘጠኝ ወሩ በቅሎ ጠየቀ» ብለው ሲስቁ ታየኝና አፈርሁ።

«መጽሐፉ ያዘዘውን አደርጋለሁ አባባ» አልኋቸው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና መንገዱን ለቀቁልኝ።

መጽሐፉ ያዘዘው ይኸ ነው፤ በሜዳው ላይ ዝቅ ብለህ አንድ ጊዜ እለፍ፤ የተኛ ውሃ ካልታየህ ውረድ። አለፍሁበት። ውሃ የለም። ሣሩ ለምለም፣ ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ወረድሁ።

ጥቂት እንደተንከባለልሁ አውሮፕላኑን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘው። አፍንጫው ደፋ ብሎ ተመለሰ፤ ፕሮፔለሩ መሬቱን ለጥቂት ሳተ። ወርጄ ባይ ጎማዎቹን እስከ እኩሌታቸው መረሬ ውጧቸዋል። መረሬ የቢቸና ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ላዩን ሣር ለብሶ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። እኔ ደግሞ ያደግሁት በዚሁ አፈር ላይ ነው።

እናትነሽ ከሜዳው ዳር ቃሬዛ ላይ ተኝታለች። ባሏ ጋቢውን አውልቆ ከካፊያው ይጋርዳታል። ሁለቱም የሚያዩት እኔን ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም።

አባቴ በቅርብ ካለው ተዳፋት ያርስ ነበርና በሬዎቹን ፈትቶ እየነዳ መጣ። ጎማውን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተ ልጅ፣ በሐምሌ እንዲህ የለመለመ መረሬ ላይ እኛ በሬ እንኳ አናሳልፍ። ማን አስረሳህ?»

«አውሮፕላን ነው ብዬ ነዋ።»

«አውሮፕላንስ ሲወርድ በእግሩ አይደል የሚቆም?»

ይኸን ብሎኝ ጎረቤቶቹን ጠራ፤ አራት ጥማድ በሬ መጣ። ከጎማው ሥር የባሕር ዛፍ ግንድ አነጠፍን፤ ረጅም ገመድ ከአውሮፕላኑ እግሮች አስረን፣ በሬዎቹን ከሜዳው ጠርዝ ጭንጫው ላይ፣ ድንጋያማው ደረቅ መሬት ላይ አቁመን ወደዚያው አስጎተትነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብን። ጤና ረዳቱ በየመካከሉ ጆሮውን የእናትነሽ ሆድ ላይ ያደርጋል። በመጨረሻ ወደኔ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን አልሰማውም» አለኝ።

ወንበርም ጭነትም አውጥቼ እሷንና ጤና ረዳቱን ብቻ ያዝሁ። ጭንጫው አጭር ነበር፤ መጨረሻው ገደል ነው። ከአጭር ሜዳ መነሣትን ግን እጄ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ጫፉ ሳይደርስ ተነሣሁ። በዚያች ደቂቃ ኮርሴን መረቅሁት። እናትነሽ ባሕር ዳር ላይ ተረፈች። ልጇ ሞቶ ተወለደ።

ማታውኑ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ካፒቴን በየነ ፊት ቆምሁ። የበቅሎዋን ነገር፣ ማፈሬንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ወር ቆጠሩ።

«ኮርስህ ከመስከረም እስከ ግንቦት። እኔ አብሬህ የበረርሁ ከጥቅምት እስከ ጥር። ታዲያ ክረምት የት አለ?»

«የለም ጌታዬ» አልሁ።

«ማፈርህ የራስህ ጥፋት ነው። የፈረምሁት ግን እኔ ነኝ» አሉና በሪፖርቱ ላይ ስማቸውን ከስሜ በላይ ጻፉ። እኔንም እስከ መስከረም ሞጣ ላኩኝ። አባ ሰይድ «ብዬህ ነበር» አላሉኝም። የበቅሎዋን ገመድ ሰጡኝና «ና፣ ከኋላዋ እየረገጥህ እየው» አሉኝ። ክረምቱን በሙሉ በሁለት እግሬ ሜዳ ለካሁ፤ ከዚያ የበለጠ ትምህርት አልተማርሁም።

በዓመቱ እናትነሽን ቢቸና ገበያ አገኘኋት። አቅፋ ሳመችኝና «አንተ ባትደርስልኝ ሞቼ ነበር» አለችኝ። ምርቃቷን ዝም ብዬ መቀበል አልቻልሁም፤ ስለ በቅሎዋ ነገርኋት።

እጇን ከትከሻዬ አነሣች። «ለኔ ባትነግረኝ ይሻል ነበር» አለችኝ። «ለሚማሩት ግን ንገራቸው።»

ኋላ አስተማሪ ሆንሁና ለእያንዳንዱ ምድብ ነገርሁ። አለቆቼ አጭር ኮርስ ይበጃል ወይስ ይጎዳል ሲሉኝ ሁለቱንም እላቸዋለሁ። ኮርሱ ባያጥር ኖሮ በዚያ ሐምሌ ወደ ቢቸና የሚላክ አብራሪ አይኖርም፤ እናትነሽ ትሞት ነበር። ክረምት ቢኖርበት ኖሮ ልጇ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያጥረውን ማሳጠር ነው፤ ክረምቱን ግን መዝለል አይቻልም።