የዘውድነሽ በርሜሎች በዝዋይ ሐይቅ ላይ

ዘውድነሽ ከባሏ የወረሰችው ስድስት ባዶ የናፍጣ በርሜል ነው። ሰውየው ከናዝሬት ሻሸመኔ ነዳጅ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። መኪናው ቡልቡላ ላይ ተገልብጦ ሲሞት፣ ለቅሶው ላይ ማንም የማያውቃቸው ሴቶች ጥቁር ለብሰው ደረሱ፤ አንዷ ከሞጆ፣ አንዷ ከዓለም ጤና፣ አንዷ ከመቂ፣ ከዝዋይም፣ ከነገሌም፣ ከሻሸመኔም። ስምጥ ሸለቆን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትዳር ያስተሳሰረ ሰው ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አልታየም። ዘውድነሽ ለሁሉም ንፍሮ አቀረበች። ሰልስቱ ሲያልፍ በርሜሎቹን የናፍጣ ሽታቸው እስኪለቅ በግራዋ ቅጠል አሽታ አጠበችና በሴቶቹ ከተሞች ስም ሰየመቻቸው።

ከዚያ የናዝሬቱን ቤት ዘግታ መቂ ወረደች፤ አረቄ ማውጣት ያዘች። ጎረቤቶቿ ጠዋት ጠዋት ድፍድፉን እያማሰለች ስታወራ ይሰሟታል። «ሻሸመኔ ፈልታለች። ዓለም ጤና ዛሬም እንደ ፈዘዘች ነች፤ የስሟ ባለቤትም እንዲሁ ነበረች።» ከሁሉም የምትወደው ነገሌን ነው። «ያቺ ሴት መልክ አልነበራትም፤ በርሜሏ ግን እጅ ያስቆረጥማል» ትላለች።

አብዮቱ ሲመጣ ለዘውድነሽ ያመጣላት ለውጥ ቢኖር የጠጪዎቿ ማዕረግ ነው። ትናንት አቶ የነበሩት ዛሬ ጓድ ሆኑ፤ ጥማቸው ግን የቀድሞው ሥርዓት እንደ ተወው ነው። ከእነዚህ አንዱ አብተው ነበር፣ የወረዳው የምርት ዘመቻ ኃላፊ። አብተው ስለ እርሻ የሚያውቀው ሽንኩርት ሲከተፍ እንደሚያስለቅስ ብቻ ነው። ድሮ «እትዬ ዘውድነሽ» ይላት ነበር። የፖለቲካ ትምህርት ተምሮ ሲመለስ «ጓዲት» አላት፤ ያቀርብላት የነበረውንም አንቱታ እንደ ትርፍ ቤት ወረሰው።

በ1974 ዓ.ም. በጋ የዝዋይ ሐይቅ ሸሸ። የአምራቾች ማኅበሩ ሽንኩርት ዳርቻው ላይ ተተክሎ፣ ውሃ የሚስብለት የነፋስ ፓምፕ ደረቅ ጭቃ ላይ ቆሞ አየር ይጠጣ ጀመር። ፓምፑን የበየደው የናዝሬቱ ጉተማ ተጠራ። ጉተማ ጭቃውን አየ፣ ሐይቁን አየ፣ እንዲህ አለ፦

«ውሃው ከሸሸ እኛም እንከተለዋ። ፓምፑን በርሜል ላይ እናቁመውና ሐይቁ ላይ ይንሳፈፍ። እዚያ ነፋሱን የሚከልል ዛፍ የለም፤ ቢጎድልም ቢሞላም አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል።»

እውነት ለመናገር ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ያበላሸው ስብሰባ ነው። አብተው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ አንዱን ፓምፕ በምላሱ አራባው። «ጓዶች፣ ዛሬ አንድ ተንሳፋፊ፣ ለመስከረም ሃምሳ። ከሙከራ ወደ ሰፊ ምርት እንሸጋገራለን። በርሜል ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ንዑስ ከበርቴው አረቄ ሻጭ ጓሮ በርሜል ሞልቶታል።»

ጓሮው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዘውድነሽ ተነሳች።

«ባይሠራስ?» አለች።

«ካልሠራ በአብዮቱ ስም ቃል እገባልሻለሁ ጓዲት፣ በርሜሎችሽ ይመለሱልሻል። ከሠራ ግን የሕዝብ ናቸው። የሌሎቹም አረቄ ሻጮች በርሜል ይከተላል።»

በማግስቱ ሞጆም ነገሌም በጋሪ ተጭነው ሄዱ። ዘውድነሽ ባዶ ጓሮዋ ውስጥ ቆማ፣ በዚህች አገር ሥራ ያልሠራ ነገር ስንት እንዳለ እያሰበች ራሷን አጽናናች።

በዓሉ የመሬት አዋጁ መታሰቢያ፣ የካቲት 25 ነው። በዋዜማው ልምምድ ሲደረግ በርሜሎቿን ልታይ ወደ ዳርቻው ወረደች። ቀይ ተቀብተዋል። በነጭ ቀለም «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» ተብሎ፣ በያንዳንዱ በርሜል ላይ አንድ አንድ ቃል ተጽፏል። መፈክሩ አራት ቃል ነው፣ በርሜሉ ስድስት። ለተረፉት ለሻሸመኔና ለነገሌ ቃለ አጋኖ ተሳለባቸው።

በበርሜሎቹ ላይ የቆመው ፓምፕ ሐይቁ ላይ ተንሳፍፎ፣ በገመድ ዳርቻው ላይ ካሉ ካስማዎች ጋር ታስሮ፣ ክንፎቹን ቀስ እያለ ያዞራል። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ስለነበር ፊቱን ወደ ውሃው፣ ጭራውን ወደ ክብር መድረኩ አድርጓል። ዘውድነሽ ሆዷ አሮ ስለነበር ምላሷን አልያዘችም።

«ጉድ ነው መቼም፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ለሚመጡ እንግዶች ቂጡን ሊሰጣቸው ነው?»

ዳርቻው ላይ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። አብተው አልሳቀም። መድረኩን አየ፣ ጭራውን አየ፣ ፊቱ ላብ አወጣ።

«ጓዲት ያነሳችው ነጥብ ትክክል ነው» አለ። «ጭራው ይታሰር። ፊቱ ወደ እንግዶቹ እንደሆነ ይቁም።»

«ጓድ፣ ጭራው ጌጥ አይደለም» አለ ጉተማ። «ነፋስ ሲበረታ ክንፎቹን ወደ ጎን የሚያዞራቸው እሱ ነው። ከታሰረ ነፋሱ እንደ ሸራ ገፍቶ ይወስደዋል።»

«ነፋስ ነው ወይስ አብዮት ነው የሚመራን?»

ይህ ጥያቄ በዚያ ዘመን አንድ መልስ ብቻ ነበረው። ጉተማ ሽቦውን አነሳና በዘውድነሽ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ቀንሶ እንደ እናት ለመናት። «አዴ፣ ቀልድ ነው ይበሏቸው እንጂ።»

ዘውድነሽ አፏን ከፈተች። ዓይኗ ግን ቃለ አጋኖ ተሸክማ ውሃ ላይ የምትወዛወዘው ነገሌ ላይ አረፈ። አፏን ዘጋች።

በበዓሉ ቀን እንግዶቹ መጡ፤ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም ካኪ ለባሽ። አብተው ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ዓሣ አጥማጁ ደገፋ በደንገል ታንኳው አድርሶት፣ ተንሳፋፊው ላይ ወጣ። ነፋሱ ዞሮ ከየብስ በኩል መጥቷል፤ ፓምፑም ፊቱን ወደ መድረኩ እንደሰጠ በትክክል ነፋሱን ተቀበለ። ክንፎቹ ተሽከረከሩ። ከቱቦው ጫፍ ውሃ ፏ ብሎ ሽንኩርቱ መደብ ላይ ፈሰሰ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዘውድነሽ አላጨበጨበችም። ሠራ። በርሜሎቼ ሄዱ፣ አለች በልቧ፤ የጎረቤቴ የእነ ተሻለችም በርሜል ይከተላል፣ የመቂም የናዝሬትም አረቄ ሻጮች ሁሉ።

ንግግሩ ረዘመ። የአብተው ንግግር ረዝሞ የጎዳው ሰው ቢኖር በዚያን ቀን ራሱን ነው። ከሰዓት በኋላ የስምጥ ሸለቆው ነፋስ፣ ማንም ሳያነቃው፣ በራሱ ተነሳሽነት በረታ። ክንፎቹ ጮኹ። ጭራው በሽቦ ታስሯል፣ ወዴት ይዙር። አንደኛው ካስማ ተነቀለ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ቱቦው ተበጠሰ። የስምጥ ሸለቆ ስድስት ከተሞች፣ ፓምፑ፣ የምርት ዘመቻ ኃላፊው ከነድምፅ ማጉያው ወደ ሐይቁ መሐል ጉዞ ጀመሩ። አብተው ፊቱ ወደ ሕዝቡ ስለሆነ አልታወቀውም።

«ወደ ፊት፣ ጓዶች፣ ምንጊዜም ወደ ፊት» እያለ ወደ ኋላ ሄደ።

ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል አለ። «ይሄ የፕሮግራሙ አካል ነው?»

«መሰለኝ» አለ ጎረቤቱ፣ እያጨበጨበ።

ዘውድነሽ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደረቀ። እየራቁ ያሉት ቀይ ነጠብጣቦች በርሜሎቿ ናቸው። «ተከተልልኛ፣ ደገፋ» አለችው።

«እትዬ፣ በዚህ ነፋስ ደንገል ይዤ? እኔን ብትቀብሪኝ በርሜል የለሽ፣ ሳጥን የለሽ» አለና ታንኳውን ወደ ደረቁ ጎተተ።

ደገፋ አብተውን ያመጣው በማግስቱ ነው፤ ቱሉ ጉዶ ደሴት ደንገል ውስጥ ተሰክቶ ነበር፣ ቆቡ የለም፣ ድምፁ የለም። ክንፎቹ ተሰባብረዋል፤ በርሜሎቹ ደህና ናቸው። ዘውድነሽ ይህን እንደ ሰማች ቢሮው ገባች።

«ጓድ፣ አልሠራም። ቃልህን ጠብቅ።»

«ማን ነው አልሠራም ያለው?» አለ በሰለለ ድምፅ። «ተንሳፋፊው ወደ ደሴቱ ጭቁን ሕዝብ ተሸጋግሯል። ሪፖርቱ ሄዷል።»

ሪፖርት ሲሄድ መልስ ይመጣል። የበላይ አካል በጣም ተደስቷል፤ በተለይ በራሱ መንቀሳቀሱ አስገርሞታል። ሃምሳው ቀርቶ መቶ ይሁን፤ ለመስከረም በሐይቁ ላይ ሰልፍ ይደረግ፤ ግንባር ቀደሙ ላይ ጓድ አብተው ቆሞ ይምራ።

በዚያው ሳምንት አብተው የዘውድነሽን ደጃፍ ጎንበስ ብሎ ገባ። ተቀምጦም መሬት መሬቱን አየ።

«እትዬ ዘውድነሽ፣ እንደምን ዋሉ።»

አንቱታው ተመለሰ። ዘውድነሽ ሳትቸኩል መቅጃዋን ወለወለች። «መቶ ሆነ አሉ።»

«እትዬ፣ እንደ ልጅዎ ይዩኝ። እዚያ ነገር ላይ ተመልሼ አልወጣም። ከሸፈ ብዬ ብጽፍ ደግሞ አሻጥር ይሉኛል።»

«ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ የለም እንዴ?»

አብተው ቀና አለ። «አለ።»

«ጉማሬ ማኅበር አይገባ፣ ስብሰባ አይወጣ፣ ተጠርቶ አይጠየቅ። ሰበረው ብትል ማን ያስመሰክርበታል?» አለችና መቅጃዋን አስቀመጠች። ቀጥላም፦ «ታዲያ ጉማሬ የሰበረው ነገር በርሜል አይተርፈውም። የጠፋ በርሜል ደግሞ ማንም አይፈልገውም።»

አዲሱ ሪፖርት እንዳለው፣ ያልነቃ ጉማሬ ተንሳፋፊውን አወደመ፤ ሐይቁ ከጉማሬ ነፃ እስኪወጣ ሰፊው ምርት ለጊዜው ይቆይ። ለጊዜው እንዳለ ቀረ። ጉተማ ግን የተሰባበሩ ክንፎቹን ይዞ ናዝሬት ከተመለሰ በኋላም፣ ለሰማውም ላልሰማውም ጭራው ባይታሰር ኖሮ ይሠራ ነበር ይላል። ልክ ነው። ዘውድነሽም ልክ መሆኑን ታውቃለች፤ ናዝሬት ስትወጣ በበሩ አታልፍም።

በርሜሎቹ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጋሪ ላይ ተጭነው ገቡ። የመጀመሪያው አረቄ ዓሣ ዓሣ አለ፤ አብተው ግን ሳያማርር ጠጣ። ዘውድነሽ ቀዩን ቀለም ልትፍቅ ቢላዋ አነሳች፣ አሰበችና አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ የቀበሌ ፈታሾች እህል ያጠፋሉ እያሉ አረቄ ቤቱን ሁሉ ሲያገላብጡ፣ እሷ ጓሮ ሲደርሱ መፈክሩን ያነቡና ይቆማሉ። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል በርሜል ክዳን ከፍቶ የሚያሸት ማን ነው?

ጎረቤቷ ተሻለች ይህን አይታ መጣች። «እኔም በርሜሎቼን ላስጽፍ ነው፤ ቃሉን ንገሪኝ እስቲ።»

ዘውድነሽ ነገሌን እያማሰለች ነበር። «ቃሉን ተይው» አለቻት። «አጋኖዋ ትበቃለች።»