በ‹መ› ይጀምራል፣ በ‹ት› ያልቃል

ሰኞ ጠዋት ገበያነሽ ሃሜሶ ከታቦር ሰፈር ወደ መሃል ሐዋሳ የሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ያ ቀሚስ ከቤተ ክርስቲያንና ከሠርግ በቀር የትም ሄዶ አያውቅም። ቦርሳዋ ውስጥ አዲስ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ አለ። ሁለት የሆነው አንዱ ቢያልቅስ ብላ ነው። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስልጠና የሚባል ነገር ሲደርሳት ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«ስልጠና እየሄድኩ ነው» አለችው ባለባጃጁን፣ ሳይጠይቃት።

«እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ» አላት። ልጁ ለወጉ ያህል ነው ያለው፤ እሷ ግን ከልቧ ተቀብላው እስክትወርድ ድረስ ፈገግ እንዳለች ነበረች።

ገበያነሽ ሞግዚት ናት። በታቦር አንዲት መዋዕለ ሕፃናት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በየሰው ቤት ሃያ ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋለች። ከሐዋሳ ወጣ ካለ ገጠር መጥታ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ስታቋርጥ «ለጊዜው ነው» ብላ ነበር። ጊዜው ሠላሳ ዓመት ሆነ። መዋዕለ ሕፃናቷ ውስጥ አፍንጫ ትጠርጋለች፣ ምሳ ዕቃ ትከፍታለች፣ የተጣላውን ታስታርቃለች፣ የረጠበውን ሱሪ ትቀይራለች። ትምህርት ሲጀመር በሩን ገርበብ አድርጋ እዚያው ደጃፉ ላይ ትቆማለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መምህራኑ ሲያስተምሩ የሰማችው በዚያች ክፍተት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ አንድ ቀን ከልጆቹ መሃል ቁጭ ብላ ብታስተምር ምን እንደሚሰማት ብዙ ጊዜ አስባለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

የላከቻት ዳይሬክተሯ ወርቅነሽ ናት። «ለሞግዚቶች የአምስት ቀን ስልጠና አለ፤ አንቺ ሂጂ» አለቻት። «ምስክር ወረቀቱን ይዘሽ ነይ ታዲያ። ባለቤቶቹ ከመስከረም ጀምሮ ወረቀት የሌላትን ሞግዚት አናሠራም ብለዋል።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው የተበላሸው። ምዝገባው በር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሰልፉ አጣድፏት ነበር። ቀና ብላ የእሁዱን ቀሚስ አየች፣ ቦርሳውን አየች፣ ስሟን ጠየቀቻትና ካርድ ላይ በትልቁ ጽፋ ደረቷ ላይ አንጠለጠለችላት። «ላይ አዳራሽ፣ በደረጃው» አለቻት። ገበያነሽን የሾማት ቀሚሷ ነው።

ካርዱ «መ/ርት ገበያነሽ ሃሜሶ» ይላል። ገበያነሽ ደረጃው ላይ ቆማ አነበበችው። የተጋደመች ጭረት ያለችበት ጽሑፍ አጥሮ የተጻፈ መሆኑን ታውቃለች፤ የቀበሌ መታወቂያዋም «ወ/ሮ» ይላል። ይኼኛው በ‹መ› ይጀምራል፣ በ‹ት› ያልቃል። ሞግዚት ነዋ! ‹ሞ› ደግሞ የ‹መ› ሰባተኛ ልጅ ናት፣ ያው የአንድ ቤት ናቸው። ሙያዋ እንዲህ በክብር ተጽፎ ስታየው ካርዱን አቃንታ፣ አንገቷንም ቀና አድርጋ ወጣች።

ላይ አዳራሽ የጠበቃት ሌላ ዓለም ነው። አሠልጣኟ ወይዘሮ ሰብለ ቀጠን ያለች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀልድ የማትወድ የምትመስል ሴት ናት። ግን ገና ከመጀመሪያው ወንበሮቹን አስነስታ ሁሉንም ምንጣፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። «ጨዋታ የልጅ ሥራ ነው» አለች። «ልጁን እንዲማር ብላችሁ ጨዋታውን ብታስቆሙት ሥራውን አስፈታችሁት።» ገበያነሽ ይህን ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ከሻይ በኋላ ሰብለ በር ላይ ስለሚያለቅስ ልጅ አነሳች። ከእናቱ እጅ መንጭቃችሁ አትውሰዱት፤ የእናቱ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ሻሿን፣ እስኪረጋጋ አስይዙት አለች። ገበያነሽ ልትጮህ ምንም አልቀራት። እሷ ይኼን አሥር ዓመት ስትሠራው ኖራለች! ያውም አንድ ጊዜ አንዷ መምህርት «አታሞላቅቂያቸው» ብላ ከተቆጣቻት ወዲህ ሻሹን በሽርጧ ሥር ደብቃ ነው የምትሰጣቸው። በእጇ የምታውቀው ነገር ሁሉ እዚህ ስም አለው፣ ምክንያት አለው። ያን ቀን ዘጠኝ ገጽ ጻፈች። ማታ ቤቷ ገብታ ለብቻዋ ሳቀች፤ ደስ ብሏታል።

ማክሰኞ ሻይ ሰዓት ላይ ሕዝቅያስ የሚባል ወጣት መምህር አጠገቧ ተቀመጠ። «መምህርት፣ እርስዎ የሚያስተምሩት የስንት ዓመት ልጆችን ነው?» አላት።

«እኔ ምን አስተምራለሁ? ሞግዚት አይደለሁ! ይኸው ደረቴ ላይ ተጽፎልኝ።»

ሕዝቅያስ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «ጨዋታ አዋቂ ነዎት! መምህርት ነው እኮ የሚለው። ሞግዚቶቹማ ታች አዳራሽ ናቸው።»

ክው አለች። ካርዱን ገልብጣ አየችው፣ አቅንታ አየችው። በ‹መ› የሚጀምር፣ በ‹ት› የሚያልቅ ሌላ ቃል እንዳለ ለካ አላሰበችም። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እሷ ግን ባለመጠየቋ ተሾመች።

ወዲያው ወደ ሰብለ አመራች፤ ልትነግራት። በዚህ መሃል ሰብለ አጨበጨበችና «አርብ ከሰፈሩ እውነተኛ ልጆች ይመጣሉ» አለች። «እያንዳንዳችሁ አሥር ደቂቃ ታስተምራላችሁ። መርጃ መሣሪያውን ከወዳደቀ ነገር ራሳችሁ ሥሩ።» ገበያነሽ መንገድ ላይ ቆመች። አሥር ደቂቃ። ከልጆቹ መሃል ተቀምጦ። አፏን ልትከፍት ሞከረች፣ አፏ እምቢ አለ። እዚህ ጋ አታላይ የሚላት ካለ፣ አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሞ ይሞክረውና እንነጋገራለን።

ረቡዕ ከስልጠናው ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል ሄደች። ታናሽ ወንድሟ ክብሩ ዓሣ አጥማጅ ነው።

«ያረጀ መረብ የለህም?»

«አንቺ ደግሞ መረብ ምን ያደርግልሻል? ልጆቹን ልታጠምጃቸው ነው?»

«አዎ» አለችው። ክብሩ እየሳቀ የተበጣጠሰ መረብ ቆርጦ ሰጣት። ጠርዙ ላይ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ ቀይና ሰማያዊ መንሳፈፊያዎች እንደ ጨሌ ተደርድረዋል። ሁለቴ በሳሙና አጠበችው፤ ሽታው እንደሆነ አልለቅ አለ።

ሐሙስ ምሳ ላይ ግን ብርቅዬን አገኘቻት። ብርቅዬ የጎረቤት መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ናት፣ ታች አዳራሽ ነው የምትሠለጥነው።

«አንቺ ሴት አለሽ እንዴ?» አለቻት ዓይኗን አፍጥጣ። «በየጠዋቱ ስምሽን ይጠሩታል። ገበያነሽ ሃሜሶ፣ የለችም! ገበያነሽ ሃሜሶ፣ የለችም! ሦስት ቀን የቀረ ምስክር ወረቀት አያገኝም ብለዋል፤ ዛሬ አራተኛሽ ነው።»

ገበያነሽ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። ላይ ያለችው ያልሆነችውን ሆና ነው፤ ታች ደግሞ የለችም። በሁለቱም ወረቀት የላትም፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሥራ የላትም። ከሰዓት በኋላ ሰብለን እውነቱን ልትነግራት ደረጃው ላይ ልታስቆማት ሞከረች፤ ሰብለ በሁለት እጇ ካርቶን ተሸክማ «ነገ፣ መምህርት፣ ነገ!» እያለች አለፈቻት።

አርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ልጆች ገመድ ይዘው እየተከታተሉ አዳራሹ ገቡ። ሰብለ የተራ ዝርዝሩን ልታነብ ስትል ገበያነሽ መረቧን በፌስታል እንደያዘች ብድግ አለች።

«ይቅርታ፣ እኔ መምህርት አይደለሁም።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቀጠለች። «ሞግዚት ነኝ። መዝጋቢዋ ተሳስታ ነው። ሰኞ አላወቅሁም። ማክሰኞ አውቄያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጥፋት የኔ ነው።»

ሰብለ መነጽሯን አወለቀች። «ሰኞስ እንዴት አላወቁም? ደረትዎ ላይ ተንጠልጥሎ?»

«በ‹መ› ይጀምራል፣ በ‹ት› ያልቃል። ሞግዚት መሰለኝ።»

ሳቁ ጣራ ነካ። ሰብለ ብቻ አልሳቀችም። «ካወቁ በኋላስ ለምን ዝም አሉ?»

ገበያነሽ የምትዋሸው ነገር አላገኘችም። «ወደድኩታ» አለች። «እዚህ የምታስተምሩትን ወደድኩት። አንድ ቀን ከውስጥ ሆኜ ላየው ብዬ ነው።»

ሰብለ ልጆቹን አየች፣ ፌስታሉን አየች። «የቤት ሥራዎን ሠርተዋል?»

«ሠርቻለሁ።»

«እንግዲያው ተራዎን ይጠብቁ። ስለ ሌላው በኋላ እንነጋገራለን።» ቆጣ ብላለች።

ሕዝቅያስ በጠርሙስ ክዳን አስቆጠረ፣ ሌሎችም በካርቶንና በገለባ አስተማሩ። ልጆቹ በኅብረት መለሱ፣ ተጨበጨበላቸው። አንዲት ልጅ ብቻ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከግድግዳው አልላቀቅ ብላለች። የጠየቃት ሁሉ መልስ ሲያጣ እያለፋት ሄደ።

የገበያነሽ ተራ ሲደርስ መሃል ላይ ቁጭ አለችና መረቡን ዘረጋችው። የሐይቁ ሽታ አዳራሹን ሞላው፤ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ተንጫጩ፣ ወዲያው ግን ተንጋግተው መጡ።

«ይኼ ሐይቃችን ነው» አለቻቸው። «እናንተ ዓሣ ናችሁ፣ ቆሮሶና አምባዛ። ቆሮሶ ስል ላይ! አምባዛ ስል ታች! አምባዛ ጭቃ ነው የሚወደው፣ ሆዱ መሬት ይንካ።»

«ቆሮሶ!» ዘለሉ። «አምባዛ!» ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች። ገበያነሽ ካርዱንም፣ ወረቀቱንም፣ መስከረምንም ረሳቻቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳዋ ልጅ ሄደች። ምንም አልጠየቀቻትም። የመረቡን ጫፍ ዘርግታ «ያዢልኝ እናቴ፣ ከበደኝ» አለቻት። ልጅቷ ቦርሳዋን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈች። ገበያነሽ ያንኑ በገጠሯ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ደገመችላት። የልጅቷ ዓይን ተነሳ። ቦርሳውን አስቀመጠች፣ መረቡን ያዘች። «ላይ!» ሲባል መረቡን ከራሷ በላይ አነሳችና በቤቷ ቋንቋ «ላይ» ብላ ጮኸች። ገበያነሽ ተቀብላ ጮኸችው፣ ልጆቹም ተቀበሏት፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በሁለት ቋንቋ ሆነ። ሕዝቅያስ አላስችል ብሎት ከነኮቱ በሆዱ ተኝቶ አምባዛ ሆነ። አሥሩ ደቂቃ መቼ እንዳለፈ ያየ ሰው የለም።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሰብለ ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ጫማዋ ደረጃውን እየቆጠረ ሲወርድ ይሰማል። ገበያነሽ መረቧን አጥፋ ተቀመጠች። ግን አልተጸጸተችም። ሰብለ ተመልሳ ስትመጣ የታች አዳራሽን የስም መቆጣጠሪያ ይዛለች።

«አምስት ቀን ሙሉ የለችም ተብለዋል» አለቻት። «ከጎኑ ምክንያቱን ጽፌ ፈርሜበታለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ላይ ነበረች፣ ብዬ።»

ገበያነሽ እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ። ሰብለ ምስክር ወረቀቱን አወጣች። ትናንት ታትሞ ያደረ ነው፤ «መ/ርት ገበያነሽ ሃሜሶ» ይላል። ሰብለ እስክሪብቶዋን ከፈተች። «ይኼን መቼም መሰረዝ አለብን። ከላዩ ትክክለኛውን እጽፍበታለሁ።»

«እባክዎ አይሰርዙት» አለች ገበያነሽ። «እኔ ሳነበው ሞግዚት ነው የሚለው።»

ሰብለ ጣቷን ‹መ› ላይ አሳረፈች። ጭረቷን ዘለለች። ‹ት› ላይ ስትደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ጥርሷ ታየ።

«ልክ ነዎት፤ ሞግዚት ነው የሚለው» አለችና ፈረመችበት።