ቆርጬ የጣልኩት ድምፅ

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ በገዛ ቤቴ ነው። ጊዜው ቢያልፍም የጆሮ ማዳመጫ ባደረግኩ ቁጥር አንዱን ጆሮዬን ክፍት እተዋለሁ። ሰፈሩ ነገሩን የሚያወራው በአንድ መንገድ ነው። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ሥራዬ ሱፍ ነው፤ ባና የሚባለውን ወፍራም የሱፍ ልብስ እሠራለሁ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያኔ የሳቁብኝን ሰዎች አልረሳኋቸውም፣ ይቅርም አላልኳቸው። ፊደል ስይዝ ግጥም መጻፍ ጀመርኩ፤ ከዚያ በማሲንቆ ማዜም መጣ። ደብረ ብርሃን ሙዚቃ ቤት ያለው አንድ ሰው «ቀርፀህ ላክልኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ላክሁ። ሁለቱንም መለሰው።

«ዜማህ ደህና ነው፤ ግን ዶሮውም፣ የሚያስለውም፣ ጎረቤቱም አብረውህ ይዘፍናሉ» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ።

የሚያስሉት እናቴ ናቸው። ሰባን አልፈዋል፤ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። ደረታቸው የእኛን አገር ብርድ አይችልም።

ድምፅ ማስተካከል ያስተማረኝ የለም። አሮጌ ላፕቶፕ አገኘሁ፤ የፕሮግራሙ ቃላት እንግሊዝኛ ስለሆኑ ቅርፃቸውን እያየሁ በደብተር ገለበጥኩ፣ አጠገባቸው ደግሞ ሥራቸውን ጻፍኩ። ኮምፕረሰር፣ ጯሂውን ድምፅ ይጫናል፣ የደከመውን ያነሣል። ጌት፣ ከልክ በታች የሆነውን ትንንሽ ድምፅ ቆርጦ ይጥላል። ሪቨርብ፣ ጎጆ ውስጥ የተዜመውን ትልቅ ደብር ውስጥ የተዜመ ያስመስላል። መጀመሪያ ሰሞን ሪቨርቡን እንደ በርበሬ ነሰነስኩት፤ ቃሌ ራሱ ጠፋ፣ የገደል ማሚቶ ብቻ ቀረ። ልኩን ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ዶሮዎቹን ይዤ አስካለ ግቢ ወሰድኳቸው። አስካለ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፤ ምላሷ አያርፍም።

«ደግሞ ዛሬ እነዚህ ምን አጠፉ?»

«ልቀርፅ ነው።»

«ወይ ጉድ! ዘፋኝ ከዶሮ ተጣልቶ ሲያባርር ያየሁት በአንተ ነው» አለችኝ። ዶሮዎቹን ለቅቄላት ተመለስኩ።

ሱፍ ድምፅ ይውጣል። የሠራኋቸውን ባናዎች በግድግዳውና በመስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። የእናቴ ክፍል ከእኔ ክፍል ጋር በአንድ በር ይገናኛል። አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው፤ እሷንም ለብርዱ ብለን ከደፈንናት ቆይተናል። ከሰል አቀጣጥዬ ማንደጃውን አስገባሁላቸው።

«እማዬ፣ እስክጨርስ ድምፅ እንዳያሰሙብኝ።»

«ሳሉንስ ምን ላድርገው፣ ልጄ?»

«በነጠላዎ አፍነው ይያዙት። ዛሬ ከተበላሸብኝ አበቃ።»

«እሺ፣ እንደ ድንጋይ ዝም ነው» ብለው ሳቁ።

በሩን ዘጋሁ። ከሥሩ ያለውንም ክፍተት በቁራጭ ባና ጠቅጥቄ ደፈንኩት። ሱፉ ድምፅ እንዳያሳልፍ ብዬ ነው። አየርም እንደማያሳልፍ አላሰብኩም።

ማዳመጫውን አድርጌ፣ አስቀድሜ የቀረፅኩትን ማሲንቆ እየሰማሁ አዜምኩ። አራት ጊዜ ደጋገምኩት። አራተኛው ሰመረልኝ። በሩን ግን አልከፈትኩም። ካልጣመኝ እንደገና እቀርፃለሁ ብዬ ቁጭ አልኩና ማስተካከል ጀመርኩ።

ኮምፕረሰሩን አስገባሁ፣ ሪቨርቡን አስከተልኩ፣ አዳመጥኩ። ሁለተኛው ስንኝ አልቆ ሦስተኛው ሳይጀምር፣ ትንፋሽ በምወስድበት ቦታ ላይ፣ አንድ ነገር አቃሰተ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ከዋሻ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፤ ረጅም፣ እየተጎተተ የሚያልቅ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። እኔ በየጥላው የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። መለስ አድርጌ ሰማሁት። አለ። ከአራተኛው ስንኝ በኋላም አለ።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ነው ለማንም ያልተናገርኩት።

የእናቴ ድምፅ መሆኑ ውል ብሎኛል። አላወቅኩም ብል እዋሻለሁ። በሐሳቤ የመጣው ግን «ዝም በሉ ብያቸው ነበር እኮ!» የሚለው ነው። ተናደድኩ። ጌቱን አስገብቼ ልኩን ከፍ አደረግኩት። ማቃሰቱ ጠፋ፤ በየስንኙ መካከል ፀጥ አለ። ደስ አለኝ። ሪቨርቡን መቀነስ መጨመር ጀመርኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አጭር አልነበረም።

መጨረሻው አካባቢ ጌቱ የራሴንም የቃል ጫፍ እየቆረጠ አስቸገረኝ። ዝቅ አደረግኩት። ድምፁን አጥርቼ ልስማ ብዬ ሪቨርቡን አጠፋሁት።

ማሚቶው ሲነሣለት ዋሻ የሚባል ነገር አልነበረም። የጥፍር ድምፅ ነበር፤ በሩን ከታች በኩል የሚቧጥጥ ጥፍር። ቀጥሎ በሹክሹክታ «ተክሌ» የሚል። ስሜን ነው። እየሞቱ እንኳ ጮክ አላሉም።

ማዳመጫውን ወረወርኩ። ቤቱ ጭጭ ብሏል፤ የሚቧጥጥ የለም። ያ ዝምታ ነው እስካሁን በእንቅልፌ የሚመጣው። በሩን ገፋሁት፤ አልሄድ አለኝ፤ እናቴ ከበሩ ሥር ወድቀዋል። በትከሻዬ ገፋሁ፣ ሰውነታቸው ሲንሸራተት በእንጨቱ በኩል ተሰማኝ። ፊቴን የመታኝ ሙቀት ነው። ማንደጃው ቀልቷል። በብብታቸው ይዤ ጎተትኳቸው፤ ነጠላቸው አፋቸው ላይ እንደተጫነ ነው።

ግቢው ውስጥ ውርጩ ላይ አስተኛኋቸው። «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ ስጮህ አስካለ ደረሰች።

«ምን አገኛቸው?»

«ከሰል... በሩን ዘግቼው...»

«ከሰል አስገብተህ ዘጋህባቸው? አንተ የተረገምክ!» እየሰደበችኝ ቀሚሳቸውን ካንገታቸው ፈታች፣ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውኃ አራሰች። እኔ ቆሜ ነበር። እናቴ ድንገት አየር ሳቡና አስመለሳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሰምቼ አላውቅም። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው።

«እንዴት አወቅክ?» አለችኝ የጤና ባለሙያዋ።

«በማዳመጫው ሰማሁ።»

«ወዲያው ነው የገባኸው?»

አስካለ አጠገቤ ነበረች። «ወዲያው» አልኳት ለባለሙያዋ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ነፍስ ዘርተው ማውራት ሲጀምሩ «ለምን አልጮሁም?» አልኳቸው።

«ሥራህን እንዳላበላሽብህ ብዬ ነዋ» አሉኝ።

አሁን ደህና ናቸው። ከሰል ቤታችን አይገባም፤ ስቀርፅም በሩ ክፍት ነው። ያንን ዘፈን አልላክሁትም፣ አላጠፋሁትምም። ሰፈሩ ጆሮው እናቱን አዳነ እያለ ያመሰግነኛል፤ አስካለ እንኳ ምላሷን ሰብስባልኛለች። እናቴማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ «ልጄ እኮ የእኔን ትንፋሽ ከግድግዳ ወዲያ ይለያል» ይላሉ። አጠገባቸው ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ።

እናቴ ማንበብ አይችሉም። ይህንን ስጽፍ ከአጠገቤ ተቀምጠው «ምንድን ነው የምትጽፈው?» አሉኝ። «የዚያን ዕለቱን» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ታትሞ ሲወጣ አንብብልኝ ብለውኛል።