ዙልፋና የኢዘዲን ዱቄት

ዙልፋ መርሳ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። አስም ላለበት ሰው የሚሆን ንግድ አይደለም፤ ግን ከእናቷ የተረከበችው እሱን ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ውርጌሳ ላይ መድኃኒት የሚሸጠው ኢዘዲን በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት ሰጣት። «የአያቴ የሥር መድኃኒት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሻይ ውሰጂው» አላት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ ተከፈተ። ዳገቱን ሳታርፍ ወጣች። አስም ያለባቸውን ጎረቤቶቿንም ወደ እሱ ላከች።

ዓመት ሳይሞላ ፊቷ አብጦ ክብ ሆነ። ሆዷ ተነፋ፤ እግሯ ግን ቀጠነ። ትንሽ ከተነካች ገላዋ ይበልዛል። ሰዉ «ተመቸሽ» ይላታል። አንድ ቀን የበርበሬ ጆንያ ስታነሳ ወገቧ ቀጭ አለ። ኢዘዲንን ብትጠይቀው «በሽታው እየወጣ ነው፤ ጨምረሽ ውሰጂ» አላት።

ሦስት ዓመት ከወሰደችው በኋላ ተናዳ ዱቄቱን ተወችው። በአራተኛው ቀን ራሷን ስታ ወደቀች። ባሏ አማን ከተረፈው ዱቄት ጋር ወልድያ ሆስፒታል አደረሳት።

ሐኪሟ ማርታ ከዱቄቱ መሀል በደንብ ያልተፈጨ የኪኒን ስባሪ አገኘች።

«ይኼ ሥር አይደለም፤ ስቴሮይድ ነው» አለቻት። «በልክና በክትትል ሲሰጥ ነፍስ ያድናል። አንቺ ግን ያለ ልክ ስለወሰድሽው አጥንትሽን በልቶታል፤ ስኳርም አምጥቶብሻል። ባንዴ ማቆሙም ይገድላል፤ ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን።» ለአስሙ ደግሞ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠቻት።

ዙልፋ አላለቀሰችም። «ያውቅ ነበር?» አለች።

«ፈጭቶ ሥር ነው ካለሽ፣ ያውቃል።»

መቆም እንደቻለች፣ በውርጌሳ ገበያ ቀን ከኢዘዲን ሱቅ ደጃፍ ተቀመጠች። በድሮ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ፎቶ ወደ ሱቁ ለሚገባው ሁሉ ታሳያለች። «ይቺ እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ፊቴን እዩት።» ኢዘዲን መጀመሪያ ሳቀ። በሁለተኛው ገበያ የላከቻቸውን ጎረቤቶች ከነእብጠታቸው ይዛ መጣች። ያኔ ለመናት። እሷ ግን ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። በስምንተኛው ገበያ ወሬው የደረሳቸው የጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሱቁን አሸጉት።

ኢዘዲን ሼህ ኡበይደላን ለሽምግልና ላከ።

«ልጄ፣ ለአላህ ብለሽ አውፍ በይው፣ ይቅር በይው» አሏት።

«አንቱን አከብራለሁ፣ አባቴ። አጥንቴን እንደነበረ ይመልስልኝና ያኔ አውፍ እለዋለሁ።»

ሼሁ ተነሥተው ሄዱ።

ኢዘዲን አገር ለቆ ሄደ። የዙልፋ ፊት ቀስ በቀስ ጎደለ፤ ወገቧ ግን እንደጎበጠ ቀረ። አሁንም በመርሳ የሚያልፉትን ሾፌሮች ትጠይቃለች፦ «የትም ሱቅ ከፍቶ ካያችሁት ንገሩኝ። ሩቅ ቢሆንም እመጣለሁ።»