የውሃ ማሞቂያው ጭዳ

ትዕግሥት የሚባል ነገር እግዜር ሲፈጥረኝ አልሰጠኝም። ባሌ «አንቺ እኮ ሻይ እስኪፈላ እንኳ የምትሳደቢ ሰው ነሽ» ይለኛል፤ ውሸቱን አይደለም። በዚያ ሳምንት ግን ለመቸኮል በቂ ምክንያት ነበረኝ። እናቴ ልትሄድብኝ ነበር።

እማዬ ከአገር ቤት ኮለምበስ ድረስ የመጣችው ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት በሙሉ ልትቆይልን ነው። ታዲያ እኔ ዌርሃውስ ሥራ፣ ባሌ ትራክ ላይ፣ እሷ ከከተማው ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ካለው ቤታችን ሶፋ ላይ። ጎረቤት ላነጋግር ብትል መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ጉልበቷም ያማታል። አንድ ቀን «አንቺም ሥራሽን ትሠሪያለሽ፣ እኔም ግድግዳ አያለሁ። ትኬቴን አስቀይሩልኝና ልሂድ» አለችኝ። ክው አልኩ።

መፍትሔው ደጃችን፣ ድራይቭዌዩ ላይ ቆሞ ነበር። ባሌ ያገለገለ አርቪ ገዝቷል፤ አልጋም፣ ምድጃም፣ ሻወርም ያለው፣ ቤቱን ከነመሪው በሉት። ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ይዘንሽ እንሂድ አልኳት። እማዬ አልተግደረደረችም።

«ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን የማሞቅበት ሙቅ ውሃ ካለው እሄዳለሁ። ከሌለው እዚያ ሄጄ ልቆራመድ?»

«አለው እንጂ!» ብዬ የአርቪውን ሙቅ ውሃ ከፈትኩላት። ወይ ጉድ! ውሃው የተበላሸ እንቁላል ሸተተ። እማዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ወረደች።

በማግስቱ እኔም ባሌም ዴይ ኦፍ፣ ከሥራ ነፃ ነበርን፤ ባሌ የጥገናውን ቪዲዮ አይቶ፣ ዕቃውን ገዝቶ ተዘጋጅቷል። ማሞቂያው የሚገኘው ከመኪናው ውጭ በኩል፣ ከትንሽ በር ጀርባ ነው። ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም አጠፋን፣ ውሃውን ዘጋን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። መጠበቁ ነፍሴን አወጣው።

«አሁንስ?» እለዋለሁ።

«ገና ነው። ፊትሽን መቀቀል ካማረሽ ፍቺው።»

በመጨረሻ ላይኛውን ቫልቭ ከፍቶ ግፊቱን አስተነፈሰና ከታች ያለውን ትልቅ ቡሎን በረጅም ቁልፍ ያዘው። ቡሎኑ ንቅንቅ አልል አለ። እኔም ሄጄ ተንጠለጠልኩበት። ጓ ብሎ ለቀቀና ውሃው ከነነጭ ዝቃጩ እግራችን ላይ ተዘረገፈ።

ከቡሎኑ ጋር አንድ ወፍራም ዘንግ አብሮ መውጣት ነበረበት። የወጣው ግን ውሻ የጋጠው አጥንት የመሰለ ቀጭን ሽቦ ነው።

«አለቀልን! ማሞቂያው በስብሷል!» ብዬ ጮህኩ። ባሌ ይስቃል። እኔ ደግሞ በንዴት ጦፍኩ። «ምን ያስገለፍጥሃል? እናቴ ልትሄድ ነው እኮ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሥራው መበላት ነው! አኖድ ሮድ ይሉታል። ውሃው ብረት መብላቱ አይቀርም፤ ይሄ ቶሎ የሚበላ ብረት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይበላል፣ ታንኩን ይተወዋል። ሲያልቅ በአዲስ መለወጥ ነው።»

እማዬ የቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ታዲያ ጭዳ ነው አትላትም!» አለች።

ጭዳ! የታመመ ሰው ራስ ላይ አዙረው፣ በእሱ ፋንታ አንተ ሂድ ብለው የሚያርዱት ዶሮ። ባሌ ሲያብራራ ያልገባኝ ነገር በአንዲት ቃል ወለል አለልኝ። ዘንጉ ተበልቷል ማለት ታንኩ ተርፏል ማለት ነው! ባሌን አንገቱን አንቄ ሳምኩት።

ነጩ ዝቃጭ ተጠርጎ እስኪያልቅና ሽታው እስኪጠፋ ታንኩን ደጋግመን አለቀለቅነው። ባሌ የአዲሱን ዘንግ ጥርስ ውሃ እንዳያሾልክ በቴፍሎን ፕላስተር ጠቅልሎ ሊያስገባ ሲል እማዬ «ቆይ!» አለች። «ጭዳ ሳይዞር ይታረዳል እንዴ?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው» አላት።

«ይሁና! ወግ ወግ ነው» ብላ ከእጁ ነጠቀችው። ማሞቂያው መኪናው ሆድ ውስጥ ስለተቀበረ ዙሪያውን ልታዞርበት አልቻለችም። ስለዚህ መኪናውን በሙሉ ልትዞረው ተነሣች። ያቺ ከሶፋ ለመነሣት «ወይ ጉልበቴ!» የምትለው እናቴ ዘንጉን ከፍ አድርጋ፣ «ዝገቱንም ግማቱንም ይዘህ ሂድ!» እያለች ያን የሚያህል መኪና ትዞራለች። ውሻውን የሚያንሸራሽር ጎረቤታችን ቆሞ አያት። እየሳቀች እጇን አውለበለበችለት፤ እሱም አውለበለበላት። እኔ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በዚያው እንባዬ መጣ፤ እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየሁ ሰንብቻለሁ።

ዘንጉ ገባ፣ ጠበቀ። እኔ ወዲያው ልለኩስ ስል ባሌ እጄን ያዘው፤ ታንኩ ሳይሞላ ከተለኮሰ ይቃጠላል። ውሃውን መልሰን ከፈትን፤ ቧንቧው አየሩን እየተፋ ሲያስል ቆይቶ ውሃው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ለኮስነው። ጥቂት ጠብቄ እጄን ሰደድኩ። ሙቅ! አሸተትኩት። ምንም! እልልታዬን አቀለጥኩት።

እማዬ ፎጣዋን ይዛ አርቪው ሻወር ገባችና በሩን ዘጋችብን። ውሃው ሲወርድ ከውጭ ይሰማናል። ታንኩ ትንሽ ስለሆነ ሙቁ አልቆባት ይሆን ብዬ ስቁነጠነጥ፣ ፊቷ ወዝቶ፣ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ብቅ አለች። ወደ ቤት ትገባለች ስል ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ ወጥታ ቀበቶውን ሳበች።

«እማዬ፣ የምንሄደው እኮ ቅዳሜ ነው!»

«ምን ቅዳሜ ትለኛለች!» አለችና ወደ ባሌ ዞረች። «ትኬቱን ተዉት። ልጄ፣ አስነሣው!»