ብሎኖቹ በመዳፌ

ልጄ ሌሊሴ ከሁለት የተበላሹ ላፕቶፖች አንድ ደህና ልትሠራ የምግብ ጠረጴዛዬን ይዛዋለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው በአንደኛው ውስጥ ብቻ ነው፤ ካልተነሳላት እንደ አዲስ ልትጽፍ ነው። የፈታቻቸውን ጥቃቅን ብሎኖች መዳፌ ላይ አድርጋ «ሀርሜ፣ ያዢልኝ» አለችኝና የቻርጀሩን መሰኪያ መበየድ ጀመረች። የብየዳው ሽታ ወደ ተወለድኩባት ከተማ ወደ ጉቴ፣ ወደ አባቴ ቤት ወሰደኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ መዝሙር የምትሰማበት ሬዲዮ ድምፁ ጠፍቶ፣ አባባ በዚሁ ሽታ መሃል ሲጠግነው ዋለ። አራቱን ብሎኖች የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሊገጥመው ሲል «እንጸልይ» አለ። እኔም ቤተ ክርስቲያን እንደለመድኩት ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«ይኸው! ለእሷ አትስጣት ብዬህ ነበር» አለች እናቴ።

አባባ ግን ሳቀ። «ተያት። እጇን ለማን እንደዘረጋች አላየሽም?»

ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ተንበርክከን ስንፈልግ ሦስቱን አገኘን። ሬዲዮው በአራተኛው ፈንታ በላስቲክ ታስሮ ለዓመታት ዘመረልን።

«ሀርሜ፣ ሳላበራው ጸልዪልኝ» አለች ሌሊሴ።

አንድ እጄን ዘርግቼ፣ ሌላውን ጨብጬ ጸለይኩ።

«ሰው በቡጢ ይጸልያል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ላፕቶፑ በራ፤ ጽሑፏም አለ። ጌታ ይመስገን። መዳፌን ስከፍተው ብሎኖቹም አልጎደሉም።